የዶለዶመ የብረት መሮ እንዴት ይታደሳል?

በብዙ ሰው የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ አንድ የተረሳ የብረት መቁረጫ መሮ አይጠፋም። አናቱ በመዶሻ ብዛት ተጨፍልቆ እንደ እንጉዳይ ተከፍቷል። ስለቱ ዶልዱሟል፣ አንድ ጥጉም ተሸርፏል። ባለቤቱ ዕድሜው አልቋል ብሎ ትቶታል። እንዲህ ያለ መሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በእርጅና አይደለም። ሊያድሰው በተነሳ ሰው እጅ፣ ግራይንደር ላይ ነው።

እኔም ገድያለሁ። የመጀመሪያ መሮዬን ግራይንደሩ ላይ ተጭኜ ያዝኩት። ጫፉ ሰማያዊ ሲሆን ጭራሽ አማረኝ። ከዚያ ወፍራም ሚስማር ልቆርጥበት ስል ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። ያ ቀለም ሙቀቱ የስለቱን ጥንካሬ እንዳጠፋው የሚናገር ማስጠንቀቂያ እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ለሥራው ሞርሳ፣ ግራይንደር፣ ሞረድ፣ ጉጠት፣ ማግኔት፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ባልዲ ውሃና የጋለውን ብረት መንከሪያ ዘይት ያስፈልጋል። ለእሳቱ የጋዝ ቶርች ወይም ወናፍ ያለው የከሰል ምድጃ ይበቃል። የዓይን መከላከያ መነጽር ከሌላችሁ ሥራውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

1. መጀመሪያ አናቱ

ሁሉም ሰው ወደ ስለቱ ይሮጣል። አደገኛው ግን አናቱ ነው። የተከፈተው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ አለው። በመዶሻ ሲመታ ቁራጩ ተፈናጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ስንጥቁ እስኪጠፋ ድረስ በግራይንደር ሞርዱት፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ትንሽ ሰያፍ አድርጉት። አናቱን በፍጹም እንዳታጠነክሩት። መዶሻው ጠንካራ ነውና አናቱ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ሁለት ጠንካራ ብረት ሲጋጭ አንዱ ይሸረፋል።

2. ስለቱን መሳል

ተራ ብረት ለመቁረጥ የስለቱ ሁለት ጎን ሲገናኝ ወደ 60 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ከካርቶን ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ቁረጡ። እያንዳንዱ ጥጉ 60 ዲግሪ ነው። እሱን ሌላ ካርቶን ላይ አስቀምጣችሁ አንዱን ጥግ ብትቆርጡ፣ ስለቱን እያስገባችሁ የምታዩበት መለኪያ ሆነላችሁ። እንደ አሉሚኒየም ላለ ለስላሳ ብረት ከዚህ ሾል ማለት ይችላል።

ስትስሉ መሮውን የግራይንደሩን ድንጋይ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አስነኩት፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ ንከሩት። መሮውን የምትይዙት በባዶ እጅ ነው። ጠረጴዛ ላይ በሚታሰር ግራይንደር ጓንት አይደረግም፤ የሚሽከረከረው ድንጋይ ጓንቱን ይዞ እጅን ሊጎትት ይችላል። ባዶ እጅ ሌላም ጥቅም አለው። ጣታችሁ ሙቀቱን ካልቻለ መሮውም በቅቶታል ማለት ነው።

ሲያልቅ ሞረድ ወስዳችሁ ስለቱን ፈትሹ። ሞረዱ ከተንሸራተተ ወይም በጭንቅ ብቻ ከያዘ ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። እንደ ተራ ብረት በቀላሉ ከበላው ግን ጥንካሬው ጠፍቷል። ወደ እሳት መሄድ ግድ ነው።

3. ማጠንከር

ይህን ውጭ፣ ግን ጥላ ያለበት ቦታ ሥሩ። በፀሐይ ብርሃን የጋለ ብረት ጥቁር መስሎ ስለሚታይ ሰው ሳያውቀው ያቃጥለዋል።

ከስለቱ ጀምሮ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ብቻ አግሉት። ቀይ ሲሆን ወደ ማግኔት አስጠጉት። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ማግኔቱ መሳቡን ሲያቆም ትንሽ ብቻ ጨምራችሁ አግሉትና ወዲያው ዘይት ውስጥ ንከሩት። ደማቅ ቢጫ እስኪሆን አትጠብቁ፤ ውስጡ ሻካራ ሆኖ በቀላሉ ይሰበራል።

ዘይቱ የአትክልት ዘይት ቢሆን ይመረጣል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ መርዛማ ነው። ለብ ሲል ብረቱን በደንብ ያቀዘቅዛል። ዕቃው ከብረት የተሠራና ክዳን ያለው ይሁን፤ ዘይቱ ቢቀጣጠል ክዳኑ ያፍነዋል። መሮውን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። ወደ ጎን ማወዛወዝ ያጣምመዋል። ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቃችሁ ውሃ አትጠቀሙ፤ ሊሰነጥቀው ይችላል።

4. ማለዘብ

አሁን ሞረድ ቢፈተሽበት እንደ መስታወት ይንሸራተታል። ችግሩ እንደ መስታወት መሰበሩም ነው። መሬት ላይ እንዳይወድቅባችሁ።

ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ጥሩ አድርጋችሁ አንጹት፤ መብለጭለጭ አለበት። ከዚያ ቶርቹን ስለቱ ላይ ሳይሆን ከስለቱ ራቅ ብሎ መሮው መሐል ላይ አድርጉና ቀስ ብላችሁ አሙቁ። ብረቱ ሲሞቅ ላዩ ላይ ቀለሞች ይወጣሉ፤ ተራ በተራም ወደ ስለቱ ይጓዛሉ። መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ይመጣል፣ 220 ዲግሪ አካባቢ። ቀጥሎ ቡናማ፣ ወደ 260። ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ወደ 280። በመጨረሻ ሰማያዊ፣ ወደ 300። ለብረት መሮ የምትፈልጉት ወይን ጠጁን ነው። ስለቱ ጋ እንደደረሰ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ብረት መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል። እዚህ ጋ ግን ጥድፊያ አይሠራም። ከቡናማ እስከ ሰማያዊ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ እሳቱ ሲበረታ ቀለሞቹ ተጨናንቀው ያመልጧችኋል። ካመለጣችሁ ደግሞ ከማጠንከሩ ጀምሮ መድገም ነው፤ አቋራጭ የለውም። ያ እኔን የሸወደኝ ሰማያዊ ራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለካቻቢቴ ጥሩ ነው። ለመሮ ግን በዝቷል።

5. ካለቀ ሞረድ አዲስ መሣሪያ

ይህን ከቻላችሁ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ አትጣሉ። ሞረድ ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ በደንብ ይጠነክራል። ብረት ከመብሳት በፊት ነጥብ የሚመታበትን ፓንች ከእሱ መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ ቀይ እስኪሆን አግላችሁ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩትና እስከ ነገ ተዉት። ቀስ ብሎ ሲበርድ ይለሰልሳል፤ በብረት መጋዝም ይቆረጣል። ጥርሶቹን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ምክንያቱም ስንጥቅ የሚጀምረው ከጥርሶቹ ሥር ነው። ጫፉን ወደ 90 ዲግሪ አሹሉ። ከዚያ ጫፉን ብቻ አጠንክራችሁ በቡናማና በወይን ጠጅ መሐል አለዝቡት። አናቱን ለስላሳ ተዉት።

ከየትም ያገኛችሁትን ብረት ግን ዝም ብላችሁ እሳት ውስጥ አትክተቱ። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ጭሱ ያሳምማል።

ሁለቱንም መሣሪያ የምትፈትሹት አንድ ዓይነት ነው። ተራ ብረት ሞርሳ ላይ አስራችሁ አሥር ጊዜ ያህል ምቱ፤ ከዚያ ጫፉን አጥብቃችሁ እዩ። ከታጠፈ በጣም ለስልሷል፤ እንደገና አጠንክራችሁ በማለዘቡ ጊዜ አንድ ቀለም ቀደም ብላችሁ አቁሙ። ከተሸረፈ በጣም ደርቋል፤ ሳሉትና እስከሚቀጥለው ቀለም ድረስ አሙቁት።