የወጣውን ሳይለኩ መሙላት እና ሌሎች የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ኮሮላዬን የሞተር ዘይት ላስቀይር አንድ ጋራዥ አስገባኋት። እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት ናት፤ ኦቶማቲክ። ልጁ ከሥር ገባ፣ ቡሎን ፈታ፣ ባልዲ ደቀነ። እኔ ቡናዬን ይዤ ከጎኑ ቆሜያለሁ። ጥቁር ዘይት ስጠብቅ ቀላ ያለ ቡናማ ነገር ወረደ። ቀጠን ብሎ ይንዠቀዠቃል።

"ወንድሜ፣ ይሄ የሞተር ነው እንዴ?" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ከሥር ሆኖ፣ "ጋሼ፣ የካምቢዮውን ሳልፈታው አልቀረሁም" አለ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። እንደሚመስለው ብርቅ አይደለም። በብዙ የፊት ጎማ ነጂ መኪኖች ሁለቱ ማፍሰሻ ቡሎኖች ተቀራርበው ነው ያሉት። በእኔዋ ሞተሩ ወደ ጋቢናው በኩል፣ ካምቢዮው ወደ ሾፌሩ በኩል ነው። ቆሜ ባላይ ኖሮ ካምቢዮው ባዶውን፣ ሞተሩ ደግሞ በአሮጌው ዘይት ላይ አዲስ ተደርቦበት ከጋራዡ እወጣ ነበር። ሁለቱም በአንድ ቀን። የወረደው ነገር ቀይ ወይም ቀላ ያለ ከሆነና የመጣችሁት ለሞተር ዘይት ከሆነ፣ እጃችሁን አንሡ።

ልጁን አልተቆጣሁትም። "ከወረደ አይቀር ኮፓውም ይውረድ፣ ፊልትሮውም ይታይ" አልኩ። ኮፓ ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ሳህን ነው። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ዋልኩ። ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን ያየሁትና ከዚያ በፊት በራሴም በሰው መኪናም ላይ ያየሁት ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪናችንን መንከባከብ ውዴታ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል። ካልመሰላችሁ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ያገለገለ ካምቢዮ ስንት እንደገባ ጠይቁ።

"ካልነካኸው አይነካህም"

ይህን የማይል ጎረቤት የለም። "እገሌ ዘይቱን አስቀይሮ በሳምንቱ ካምቢዮው ሞተ" ይላችኋል። ውሸቱን አይደለም፤ ይሆናል። ግን ሰውየው ዘይቱን ያስቀየረው መቼ ነው? ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ጋዝ ሲረግጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተጎተተ፣ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ተበልተዋል። የተበላን ሸራ አዲስ ዘይት አይመልሰውም። ታማሚው ሆስፒታል የገባ ቀን ሞተ ተብሎ በሽታው ከሆስፒታሉ ነው አይባልም።

"የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም" የሚለውም አለ። የማን ዕድሜ ልክ ነው? ዘይት በሙቀት ይደክማል። የአዲስ አበባ ትራፊክ ደግሞ ሙቀት በሙቀት ነው፤ ቆም፣ ሄድ፣ ዳገት፣ ቆም። እኔ በየ50 እና 60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ።

ቀይ ሁሉ አንድ መምሰል

አንድ ሱቅ ገብቼ የካምቢዮ ዘይት ስጠይቅ ሻጩ ቀና ሳይል፣ "ሁሉም ቀይ ነው፣ የትኛውን ልስጥህ?" አለኝ። ቀዩ ቀለም ነው። ከሞተር ዘይት እንዲለይ የተጨመረ ቀለም እንጂ ስለ ዘይቱ ጠባይ ምንም አይነግራችሁም።

ቶዮታን ብቻ እንኳ ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መኪኖች በአብዛኛው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለውን የዘይት ዓይነት ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ታይፕ ቲ-4 መጣ። ከዚያ ደብሊው ኤስ የሚባለው መጣ፤ እሱ ቀጠን ያለ ነው። ደብሊው ኤስን ቲ-4 በሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ አትጨምሩ፤ ቶዮታም አይፈቅድም። ሚትሱቢሺ ኤስፒ-3 ይላል፣ የዚያ ዘመን ብዙ ሂዩንዳዮችም እንዲሁ። ኒሳን ማቲክ የሚባል የራሱ ተርታ አለው፤ ሆንዳም የራሱን ነው የሚፈልገው። ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራው ኦቶማቲክ) ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው፤ ተራ የኦቶማቲክ ዘይት አይገባበትም። ቪትዝ ተራ ኦቶማቲክም ሲቪቲም ስላለው "ቪትዝ ነው" ብላችሁ ብቻ አትግዙ።

የእኔዋ የዘይት መለኪያ ዘንጓ ላይ ዴክስሮን ተብሎ ተቀርጾባታል። እናንተም ከሻጩ በፊት ዘንጉን ጠይቁት። አንድ ነገር ልጨምር። የዴክስሮን ስም ባለቤት የሆነው ጄነራል ሞተርስ የዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠት ካቆመ ቆይቷል፤ የመጨረሻዎቹ ፈቃዶች ያበቁት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ነው። ዛሬ ጣሳ ላይ ዴክስሮን 3 የሚል ስታዩ ከጀርባው የአምራቹ ቃል እንጂ የጄነራል ሞተርስ ፈቃድ የለም። ስለዚህ የማታውቁትን ርካሽ ጣሳ ለቀቅ አድርጉት።

በማሽን ማጠብ

ዘይቱ ለዓመታት ያልተቀየረ አሮጌ መኪና ላይ ማሽን ገጥሞ በግፊት ማጠብን አልወደውም። ጥግ ይዞ የተኛ ቆሻሻ ተነሥቶ ቫልቮቹ ያሉበት ቀጫጭን መተላለፊያ ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ኮፓውንም ስለማይከፍቱት ፊልትሮው እንደቆሸሸ ይቀራል።

ቀርፋፋው መንገድ ይሻላል። ማፍሰሻውን ስትከፍቱ የሚወርደው የዘይቱ ከፊል ብቻ ነው፤ ቀሪው ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ይቀራል። ካምቢዮው በጠቅላላው 7.5 ሊትር ይይዛል እንበል፤ 3 ሊትር ወረደ። አዲሱ 40 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ለአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ስትደግሙት 64 በመቶ፣ ለሦስተኛ ጊዜ 78 በመቶ ይደርሳል። ዘይት ይበላል፣ ልክ ነው። ካምቢዮውን ግን አያስደነግጠውም።

ኮፓው ሲወርድ

አብዛኛው ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። መጀመሪያ፣ ክሪክ ብቻ አምናችሁ ከሥር አትግቡ። ካቫሌቶ፣ የብረት ማቆሚያው፣ ይቀመጥ። መኪና ክሪክ ላይ አድሮ ሰው ላይ የወረደበትን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል።

ሁለተኛ፣ ዘይቱ ሞቅ ይበል እንጂ አይፍላ። ከረጅም መንገድ መልስ ወዲያው የሚከፍት ሰው ክንዱ ላይ ነው የሚያፈሰው። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ታገሡ።

ሦስተኛ፣ ቡሎኖቹን ሁሉ አንድ ላይ አትፍቱ። ማፍሰሻ ቡሎን ቢኖረውም እንኳ ኮፓው ውስጥ ትንሽ ዘይት ይቀራል። በአንድ በኩል ያሉትን ሁለት ሦስት ቡሎኖች በጥቂት ክር ተዉአቸው፤ ኮፓው በሌላው በኩል ዝቅ ብሎ ይፍሰስ። እንቢ ካለ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት ደግሞ የነገ ፍሳሽ ነው። የአሉሚኒየሙ ፊት አንዴ ከተጫረ ጓርኒሲዮን (በመሐል የሚገባው ማሸጊያ) አይዘጋውም። በጎማ መዶሻ ጎኑን መታ መታ አድርጉት።

አሁን ኮፓው ወረደ። ወደ ባልዲ ከመገልበጣችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ማግኔቶቹ ላይ እንደ ኩል የላመ ግራጫ ዝቃጭ ታገኛላችሁ። በሁለት ጣት እሹት። ከላመ የተለመደ መበላት ነው፣ አያስደንግጣችሁ። የሚቆረቁር፣ የሚያብረቀርቅ ስባሪ ካለ ግን ዘይት መቀየሩን አቁማችሁ ስለ ካምቢዮው ሐኪም አስቡ። አሽቱትም፤ ያረረ ሽታ የሸራ ሽታ ነው። ቀዩ ዘይት ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። በአሮጌ መኪና የዚህ ዋናው ተጠርጣሪ ራዲያተሩ ነው። የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ስለሆነ፣ እሱ በዝገት ሲበሳ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ስንሞላ የኖርን ሰዎች እንወቅበት። ራዲያተሩ ሳይቀየር ዘይት መቀየር ገንዘብ መድፋት ነው።

እኛ ስንከፍተው ማግኔቱ ላይ ኩሉ ብቻ ነበር። እፎይ አልኩ። ልጁ ግን ኮፓውን በቤንዚን አጥቦ ማግኔቶቹን ጠረጴዛው ላይ ረስቷቸው ሊገጥም ሲል ደረስኩበት። ማግኔቶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ኮፓው ውስጥ የት እንደነበሩ ከማንሣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ስትጠራርጉም ክር የሚረግፍ ጨርቅ አትጠቀሙ። እዚያ ውስጥ አንዲት ክር ብዙ ናት።

ፊልትሮው በጥቂት ቡሎኖች ነው የሚያዘው። ሲወልቅ የያዘውን ዘይት ፊታችሁ ላይ ይለቃል፤ ዘወር በሉ። እንደ መኪናው ሥሪት አፉ ላይ ኦሪንግ ወይም ትንሽ ጓርኒሲዮን አለው። አሮጌው ከላይ ተጣብቆ ይቀርና ማንም አያየውም። አዲሱ በላዩ ሲደረብ ፊልትሮው ልክ አይቀመጥም፣ ፓምፑ በጎን አየር ይስባል። ከዚያ "አዲስ ፊልትሮ አስገብቼ ባሰበት" ይባላል። ባትሪ አብሩና ቀዳዳውን በጣት ዳስሱት።

ሲሊኮን ነገር እጃችን ላይ በዛ። ጓርኒሲዮን ካለ፣ ጓርኒሲዮኑ በደረቁ ይገጠም። በሲሊኮን የሚዘጋ ሥሪት ከሆነ ቀጭን መስመር ይበቃል። ወደ ውጭ የተረፈው ያስጠላል፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ግን ተቆርጦ ፊልትሮው ላይ ይለጠፋል።

የኮፓ ቡሎን ደግሞ የጎማ ቡሎን አይደለም። በብዙ መኪኖች የሚፈልገው ከ5 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ነው፤ የእጅ አንጓ ኃይል ነው እንጂ የክንድ አይደለም። ከልክ በላይ ሲጠብቅ የኮፓው ከንፈር ቡሎኑ ሥር ይጎደጉዳል፣ በመሐል ይነሣል፣ ያፈሳል። ሲያፈስ ደግሞ የበለጠ እናጠብቀዋለን! የተጣመመ ከንፈር ካለ ሳይገጠም በፊት እንጨት ላይ አስደግፎ በቀስታ ማቃናት ነው።

ሳይለኩ መሙላት

ልጁን ሦስት ባዶ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድና አንድ ባለ ግማሽ ሊትር አስመጣሁት። የወረደውን በሙሉ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ አንድ በአንድ ገለበጥንበት። ትኩስ ዘይት ስለሚያብጥ በትኩሱ መለካት ያሳስታል። 3 ሊትር ከሩብ ገደማ ሆነ። እሱንኑ ያህል ከአዲሱ ቀዳን። ልጁ፣ "ጋሼ፣ እኛ እኮ በዓይን ነው የምንሞላው" አለኝ። አይቻለሁ።

መጽሐፉ ላይ ያለው የሊትር ቁጥር ባዶ የነበረ አዲስ ካምቢዮ የሚይዘውን ሊሆን ይችላል። ያንን አይቶ 7 ሊትር የጨመረ ሰው አውቃለሁ። ዘይት ሲበዛ ውስጥ የሚሽከረከረው ነገር እየመታ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ግፊት አይይዝም፤ ካምቢዮው ይንሸራተታል፣ ትርፉም በመተንፈሻው ይወጣል። ሲያንስ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ፓምፑ አየር ይጠጣል።

እዚሁ ላይ አንድ የድሮ ቶዮታ ወጥመድ አለ። ኮሮላ ላይ ያለው ባለ 3 ማርሹ ኤ131ኤል ካምቢዮ እና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካምሪ ላይ ያለው ኤ140ኢ፣ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻላቸው የራሱ ዘይት አለው። በመለኪያ ዘንጉ ቱቦ የሚገባው ዘይት እዚያ አይደርስም። የዲፈረንሻሉን ቡሎን ፈትቶ አፍስሶ፣ በዘንጉ ቱቦ ብቻ የሞላ ሰው ዲፈረንሻሉን በደረቁ እየነዳው ነው።

በተሳሳተ ሰዓት መለካት

ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ሞተር ሳይነሣ፣ ግቢው ተዳፋት ላይ ዘንጉን ስቦ "ጎድሏል" ብሎ መጨመር የተለመደ ነው። ቶዮታ ከሆነ 20 ደቂቃ ያህል ንዱት፣ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይድረስ። ሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩ እንደተነሣ፣ ፍሬን ይዛችሁ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየተራ አሳልፉና ወደ ፒ መልሱት። ከዚያ ዘንጉን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ከትታችሁ አውጡ። "ሆት" ከሚለው ክልል ውስጥ ከሆነ ጨርሳችኋል። የድሮ ሆንዳ ግን ሌላ ነው፤ ሞቆ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው የሚታየው። ዘንግ የሌለው መኪና ከሆነ ለለመደበት ባለሙያ ስጡት።

የእኔዋን በዚህ መንገድ ለክተን ሩብ ሊትር ጨመርንላት። አሮጌውን ዘይት በሃይላንዱ ከድነን ለሚሰበስብ ሰው ሰጠነው፤ ቦይ ውስጥ አልደፋነውም። ማታ ከሥሯ ካርቶን ዘረጋሁ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ቀይ ጠብታ ነበረች። ወደ ጋራዡ መለስኳት። ከኋላ ጥግ ያለችው የኮፓ ቡሎን በእጅ ብቻ ተጠምዳ ተረስታለች። ሩብ ዙር በቃት።