እርጥብ አሸዋ ላይ ዝም አልል ያለኝ ፒንፖይንተር

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ኦሽን ሲቲ ባህር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ሳንቲም ስፈልግ ፒንፖይንተሬ (ብረት ያለበትን ቦታ ለይታ የምትጠቁም ትንሽ የእጅ መሣሪያ) እርጥብ አሸዋ በነካ ቁጥር ይንጫጫ ጀመር። ባለ 9 ቮልት ባትሪውን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ካሮት የምታህል ነገር እንዲህ ታናድዳለች! ዋናውን ዲቴክተር (ትልቁን የብረት መፈለጊያ) ሳጠፋው ትንሽ ረገበ፤ ለካ ሁለቱ ሲቀራረቡ ይረባበሻሉ።

የቀረው ጩኸት ከጨዋማው ውሃ ነው፤ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መሣሪያው ብረት ያገኘ ይመስለዋል። በእኔው ሞዴል መፍትሔው ጫፉን እርጥቡ አሸዋ ላይ አስነክቶ ቁልፉን አንዴ ቶሎ ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ያኔ አሸዋውን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። ግን ሳንቲሙን ከምትቆፍሩበት ጉድጓድ ራቅ ብላችሁ አድርጉት። እኔ አጠገቡ አድርጌው ሳንቲሙንም አብሮ ዜሮ አደረገብኝና ሩብ ሰዓት በባዶ ዳበስኩ።

የወጣችው የአሜሪካ ባለ 25 ሳንቲም የ1998 (እ.ኤ.አ.) ናት። ብር የሚባለው ማዕድን የለባትም፤ ለመገበያያ የሚወጡት ባለ 25 ሳንቲሞች ብር የነበረባቸው እስከ 1964 ነዋ።