ቆጣሪው 9 ላይ ሲቆም፣ ቁጥር ሲዘልና ቀሪውን ቆርጦ ሲጥል

አዳማ ነፋስ የማያጣት ከተማ ስለሆነች፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚማሩ ልጆች ለመመረቂያ ከሚመርጧቸው ሥራዎች አንዱ የነፋስ መለኪያ ነው። ኩባያዎቹ በዞሩ ቁጥር ማግኔት በትንሽ ቁልፍ አጠገብ ያልፋል፤ ቁልፉ አንድ ምት ይሰጣል፤ ቆጣሪው በ10 ሰከንድ ውስጥ ስንት ምት እንደመጣ ይቆጥራል። ሰርኪዩቱም የተለመደው ነው፦ ሦስት 7490 ቆጣሪ፣ ሦስት 7447 ዲኮደር (የቆጣሪውን ቁጥር ወደ ማሳያው መብራቶች የሚተረጉም ቺፕ)፣ ሦስት ባለሰባት ሴግመንት ማሳያ (ኮመን አኖድ፣ የሴግመንቶቹ ፖዘቲቭ እግር የጋራ የሆነ) እና 5 ቮልት። ከዚህ በታች ያሉትን ችግሮች በዚሁ መሣሪያ ላይ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። የመጨረሻው ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ሽቦው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚነበበው ቁጥር ስህተት ነው።

ማሳያው 9 ላይ ቆሞ አይነቃነቅም

የ7490 6ኛና 7ኛ እግሮች ሁለቱም 1 (ከፍተኛ ቮልቴጅ) ከሆኑ ቆጣሪው በግድ 9 ይሆናል። ቲቲኤል ቺፕ (7490ን የመሰለ የቺፕ ዓይነት) ላይ ደግሞ ከምንም ጋር ያልተገናኘ እግር እንደ 1 ይታያል። ስለዚህ «አያስፈልጉኝም» ብሎ ክፍት መተው 9 ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። ሁለቱንም ከመሬት ጋር አገናኙ።

ማሳያው 0 ላይ ከቆመ 2ኛና 3ኛ እግሮችን ተመልከቱ፤ እነሱ ወደ ዜሮ የሚመልሱ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከመመለሻው ቁልፍ ወደ መሬት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጎ ይጨርሳል። ከእግሩ ጅረት ለማይፈስበት ለሲሞስ ቺፕ ይበቃ ነበር፤ ከቲቲኤል እግር ግን ወደ ውጭ የሚፈስ ጅረት ስላለ በ10 ኪሎ ኦም ላይ ቮልቴጁ ወደ ታች አይወርድም፣ ቺፑም እግሩን 1 አድርጎ ያነበዋል። ሦስቱን ቆጣሪዎች በአንድ ቁልፍ የምትመልሱ ከሆነ 220 ኦም ተጠቀሙ። ከዚያ በቴስተር ለኩ፤ ቁልፉ ሳይጫን ከ0.8 ቮልት በታች መሆን አለበት።

ቺፑ ከሞቀና ማሳያው ትርጉም የሌለው ነገር ካሳየ ኃይሉን ወዲያው አጥፉ። የ7490 5 ቮልት የሚገባው በ5ኛው እግር፣ መሬቱ በ10ኛው ነው፤ እንደ አብዛኞቹ ቺፖች ጥግ ላይ አይደለም።

0፣ 1፣ 0፣ 1 እያለ ይመላለሳል

12ኛው እግር ከ1ኛው ጋር አልተገናኘም። ቺፑ በውስጡ ለሁለት የሚያካፍልና ለአምስት የሚያካፍል ሁለት ክፍል አለው፤ አስር የሚቆጥረው ሁለቱ በዚህች ሽቦ ሲያያዙ ነው።

አንድ ዙር ዞሮ ሦስት ወይም አራት ይቆጥራል

በመጀመሪያ የማግኔቱን ቁልፍ ከሰርኪዩቱ ነቅላችሁ የቆጣሪውን መግቢያ ከመሬት ጋር አስሩት። ቁጥሩ አሁንም የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱ የኃይል መስመሩ ነው፤ በእያንዳንዱ ቺፕ አጠገብ በ5 ቮልትና በመሬት መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስቀምጡ። ቁጥሩ ከቆመ ግን ጥፋቱ የቁልፉ ነው። የቁልፍ ብረቶች ሲገናኙ ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይናችን አንድ ያየውን ቆጣሪው ብዙ አድርጎ ያየዋል። ከ5 ቮልት 10 ኪሎ ኦም፣ ወደ መሬት 0.1 ማይክሮፋራድ አድርጋችሁ፣ ምቱን በ74ኤችሲ14 ቺፕ (ምቱን አጥርቶና ገልብጦ በሚያወጣ) አሳልፉት። የሁለቱ ብዜት 1 ሚሊ ሰከንድ ነው። መዝለሉ ካልቆመ ካፓሲተሩን ወደ 1 ማይክሮፋራድ ከፍ አድርጉት፤ 10 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ በላይ መሄድ አደገኛ ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ እውነተኛ ምቶችን መዋጥ ይጀምራል።

1 ደምቆ 8 ይፈዛል

አንድ ሬዚስተር ብቻ በጋራው እግር ላይ ተደርጓል። 1 ሁለት ሴግመንት፣ 8 ሰባቱንም ያበራልና ያንኑ ጅረት ይሻማሉ። ለእያንዳንዱ ሴግመንት የራሱን 330 ኦም ስጡት። ማሳያው በአዳማ ፀሐይ ደጅ የሚቀመጥ ከሆነ ከላዩ ጥቁር መከለያ መሥራት ሬዚስተሩን ከመቀነስ ይሻላል።

6 እና 9 ጅራት ከሌላቸው ብልሽት አይደለም፤ 7447 የሚስላቸው እንዲህ ነው።

ሁሉም ይሠራል፣ ንባቡ ግን ዝቅ ይላል

ባለፈው አንድ ተማሪ መሣሪያውን ይዞ መጣ። በ10 ሰከንድ 147 ምት ተቆጥሯል፤ በሰከንድ 14.7 ማለት ነው። የመጨረሻውን አሃዝ ደብቆ ሁለቱን ብቻ ስለሚያሳይ ማሳያው 14 ይላል። በእጅ አስልተን ስናጠጋጋው 15 ነው። «ዲኮደሩ ተበላሽቷል» ብሎ ሁለት ጊዜ ቀይሮታል።

ዲኮደሩ ጤነኛ ነው። ቆጣሪ ማጠጋጋት አያውቅም፤ የተደበቀውን አሃዝ ቆርጦ ይጥላል። 14.1ም 14.9ም ለእሱ 14 ናቸው። ስህተቱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ቢሆን ኖሮ በአማካይ ይጠፋ ነበር፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሆነ ግን መቶ ጊዜ ቢለካም አማካዩ ግማሽ ያህል ዝቅ እንዳለ ይቀራል።

መፍትሄው ቆጠራውን ከ0 ሳይሆን ከ5 ማስጀመር ነው። 144 ሲመጣ 149 ይሆንና 14 ይነበባል፤ 145 ሲመጣ 150 ይሆንና 15፤ 147 ሲመጣ 152፣ አሁንም 15። 7490 ወደ 0 እና ወደ 9 ብቻ ስለሚመለስ ለተደበቀው አሃዝ 74192 (ከተፈለገው ቁጥር መጀመር የሚችል ቆጣሪ) አስገቡ። 15ኛና 10ኛ እግሮቹ 1፣ 1ኛና 9ኛ እግሮቹ 0 ሲሆኑ 5 ተጽፏል ማለት ነው። 4ኛው ከ5 ቮልት፣ 14ኛው ከመሬት ይታሰር፤ ምቱ በ5ኛው ይግባ። 5ን የሚጭነው 11ኛው እግር 0 ሲሆን ነው፤ ስለዚህ የመመለሻውን ቁልፍ መስመር በ74ኤችሲ14 ውስጥ በተረፈው ገልባጭ ክፍል ገልብጣችሁ ስጡት። ወደሚቀጥለው 7490 የሚሄደውን ምት ከ7ኛው እግር ውሰዱ። መጫኑና የሌሎቹ ወደ ዜሮ መመለስ ከአንድ ቁልፍ መምጣታቸውን አረጋግጡ፤ ቁጥሩ 8 ወይም 9 ላይ ሳለ 5 ሲጫን 7ኛው እግር ስለሚወርድ፣ 7490ው በዚያች ቅጽበት ወደ ዜሮ ካልተያዘ አንድ የውሸት ምት ይቆጥራል።

ሦስቱንም አሃዝ ማሳየት አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። አሃዙ ይበራል እንጂ ጉልህ (የሚታመን) አሃዝ አይሆንም። የ10 ሰከንዱ በር (ምት የሚቆጠርበት ጊዜ) የሚከፈተው በሁለት ምቶች መካከል የትም ሊሆን ስለሚችል ቆጠራው በአንድ ይዋዥቃል። ከዚያ የባሰው ጊዜ መቁጠሪያው ነው። በሩን የሚከፍተው 555 ቺፕ (ጊዜ የሚለካ) ከኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ጋር ከሆነ፣ ካፓሲተሩ ላይ ከተጻፈው 20 በመቶ ሊርቅ ይችላል። 10 የተባለው ሰከንድ 9 ወይም 11 ከሆነ ሁለተኛውም አሃዝ አይታመንም። በስልክ የሰዓት መቁጠሪያ አስር ተከታታይ በሮችን ለክታችሁ በተስተካካይ ሬዚስተር አርሙት።

ማስታወሻ ደብተር ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማካዩ 14.47 ከወጣ ወደ 14.5፣ ከዚያ ወደ 15 መውሰድ ስህተት ነው፤ በአንድ ጊዜ ሲጠጋጋ 14 ነው። ሙሉውን ቁጥር መመዝገብ የሚፈልግ የ74192ን 15ኛና 10ኛ እግሮች በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ወደ መሬት ያድርጋቸውና ሦስተኛውን ማሳያ ያብራ፤ ቆጠራው ያኔ ከ0 ይጀምራል።