የባሕር ዳር ቤታችሁን ለአስተዳዳሪ ድርጅት ስትሰጡ ውክልናውን አጥብቡት

እኛ ውጭ አገር ስንኖር ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ያለችውን ቤታችንን ለስድስት ዓመት የጠበቀልን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኪራዩን በየወሩ ባንክ ያስገባል። አንድ ክረምት ግን አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ሲገባ ያየ አልነበረም። መስከረም ላይ ደውሎ «ጋሼ፣ ትንሽ ረጥቧል» አለኝ። ቪዲዮውን ስከፍተው የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ሆዱን ነፍቶ ተንጠልጥሏል። ልጁን አልወቅሰውም፤ የራሱ ሥራና ትዳር አለው። ከዘመድ ጋር ይሉኝታ አለ፤ እሱ መጥፎ ወሬ መናገር ይከብደዋል፣ እኔም ሒሳብ መጠየቅ አፍራለሁ። ወደ ድርጅት የዞርነው ለዚህ ነው።

የድርጅቱን ንግድ ፈቃድና ቢሮ የምታምኑት ሰው በአካል ሄዶ ይይላችሁ። ራሱን ድርጅት ብሎ የሚጠራ ደላላ ብዙ ነው። ደላላ ቤቱን አከራይቶ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ የአስተዳዳሪ ሥራ የሚጀምረው ተከራዩ ከገባ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ስለ ውክልናው ነው። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስትሄዱ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ አስይዞ ለመበደር» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ለድርጅት አትፈርሙ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይሸፍናል፤ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይ መዋዋልም በዚያ ውስጥ ነው። ቤት መሸጥና በመያዣ መስጠት ግን በቁጥር 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። እናንተ ካልጻፋችሁለት ያ ሥልጣን የለውም። ተከራይን እንዲከስላችሁ ከፈለጋችሁ ግን እሱም በግልጽ ይጻፍ። ዋናውን ካርታ ለማንም አትስጡ፤ ኮፒው ይበቃዋል።

ኪራዩ በስማችሁ ባለው ሒሳብ በቀጥታ ይግባ። የድርጅቱ ድርሻ በውሉ ላይ ከተጻፈው ኪራይ ሳይሆን በእርግጥ ከተሰበሰበው ይታሰብ፤ ቤቱ ባዶ ሲሆን እሱም ይቸኩላል። ከስንት ብር በላይ የሆነ ጥገና ሳያስፈቅዳችሁ እንደማያሠራ ጻፉ። ተከራይ ሲለቅ የውሃና የመብራት ዕዳው ሳይጣራ ማስያዣው አይመለስ፤ ቆጣሪው በስማችሁ ከሆነ ዕዳው እናንተ ላይ ነው የሚቀረው።

ስለ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ጠይቁት፤ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንደሚሠራበት ማስረዳት ካልቻለ ሌላ ፈልጉ።

እኛ በውላችን ሁለት ጉብኝት አስገብተናል፤ ግንቦት መጨረሻና መስከረም። ዘንድሮ የግንቦቱ ቪዲዮ ሲደርሰን አንድ ልጅ መሰላል ላይ ቆሞ ከአሸንዳው የማንጎ ቅጠል በእፍኙ እያወጣ ይጥላል። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችው።