ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ግቢ

በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል ቤት ሠርታችሁ፣ መስከረም ላይ የተከላችሁት አበባ ኅዳር ሳይጋመስ የሚደርቅባችሁ ከሆነ ይቺን ሞክሩ።

መጀመሪያ ጥም የሚችል ተክል ምረጡ፤ እሬት፣ ቁልቋል፣ ቡገንቪሊያ። እሬት ሲያብብ ብርቱካንማ ዘለላው ግቢውን ያደምቀዋል።

ግን መሬታችን ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ይቋጥራል። እሬትን የሚገድለው ደግሞ ከጥሙ ይልቅ የሐምሌ ውኃ ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጉት፤ አፈሩንም ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ደባልቁት።

ለሌሎቹ አበቦች ቀለም ያልተቀባ የሸክላ ገንቦ ግዙ። ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሆዱን ስትዳስሱት እርጥብ ካለ፣ በቃ፣ እሱ ነው! እስከ አንገቱ ቅበሩት፤ አበባውን ዙሪያውን ትከሉ። ውኃው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይሰርጋል። አፉን መክደን እንዳትረሱ፤ ትንኝ ይራባበታል።

አንገቱ የተሰበረ ጀበና ካላችሁም አትጣሉት። ቂጡን በስታችሁ ትንሽ ቁልቋል ትከሉበት። እኔ በረንዳዬ ላይ ሦስት ደርድሬአለሁ፤ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።