አያያዥ ቃላትን በቦታቸው አስገብቶ መደበኛ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

በእንግሊዝኛ መደበኛ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚቀመጥ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከማይሆን ጫፍ ነው። “ሃውኤቨር”፣ “ሞርኦቨር”፣ “ዜርፎር” እያለ የሸመደደውን የአያያዥ ቃላት ዝርዝር ያወጣና በየዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ አንዳንድ እያስቀመጠ ይሄዳል፤ ደብዳቤው ላይ ላዩን ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል፣ ሲያነቡት ግን ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። አያያዥ ቃል የሚመረጠው በሁለት ሐሳቦች መካከል ያለው ዝምድና ከታወቀ በኋላ ነው፤ ዝምድናው ካልታወቀ የትኛውም ቃል አያድንም። እዚህ አንድ ደብዳቤ ከመነሻው እስከ ፊርማው እንጽፋለን። ጸሐፊው በውጭ አገር ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ የሥራ ፈረቃው ስለተቀየረበት ከጠዋቱ የእንግሊዝኛ ክፍል ወደ ማታው እንዲዛወር የሚማርበትን ትምህርት ቤት ይጠይቃል።

ሐሳቡን አስቀድሞ መደርደር

በመጀመሪያ የሚናገሩትን ሁሉ በአማርኛ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ያለ ምንም አያያዥ ይጻፉ። የእኛ ጸሐፊ ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ የሥራ ፈረቃዬ ተቀይሯል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ። ትምህርቴም ጠዋት ነው። የተርሙን ክፍያ ከፍያለሁ። ትምህርቱን ማቋረጥ አልፈልግም። ወደ ማታው ክፍል መዛወር እፈልጋለሁ። የማታው ክፍል ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ከሞላ ክፍያዬ ለሚቀጥለው ተርም ይያዝልኝ።

ቀጥሎ በየሁለቱ ዓረፍተ ነገር መካከል ዝምድናቸውን በአንድ ቃል ከጎን ይጻፉ፤ ምክንያት፣ ውጤት፣ ተቃርኖ፣ ጭማሪ፣ ዓላማ ወይም ቅድመ ሁኔታ። የፈረቃው መቀየርና ከክፍል መቅረቱ ምክንያትና ውጤት ናቸው። ክፍያው መከፈሉና መማር አለመቻሉ ይቃረናሉ። የማታው ክፍል መሙላትና የክፍያው መተላለፍ በቅድመ ሁኔታ ይገናኛሉ። ምንም ዝምድና ያልተገኘለት ዓረፍተ ነገር ካለ ደብዳቤው ውስጥ ቦታ የለውም ማለት ነውና ይሰረዝ። ይህ ሥራ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ግማሽ በግማሽ ያቀልላል።

የደብዳቤው ራስጌ

የአማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የለመደ ሰው ቁጥር፣ ቀን፣ “ለ” ብሎ ተቀባይ፣ ከዚያም “ጉዳዩ፦” የሚለውን ቅደም ተከተል ያውቀዋል። የእንግሊዝኛውም ከዚህ እጅግ አይርቅም። በወረቀት የሚላክ ከሆነ የላኪው አድራሻ፣ ቀኑ፣ የተቀባዩ ስምና አድራሻ ይቀድማሉ፤ የጉዳዩ መስመር በብሪታኒያ ልማድ ከሰላምታው በታች ይገባል። በኢሜይል ከሆነ ጉዳዩ በራሱ ሳጥን ስለሚጻፍ በቀጥታ ከሰላምታው መጀመር ይቻላል።

ቀኑን በቁጥር ብቻ አይጻፉ። 04/03/2025 የሚለውን ለንደን ያለ አንባቢ ማርች 4 ብሎ ሲያነበው ዋሽንግተን ያለው ኤፕሪል 3 ይለዋል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ነገሩን ይቋጨዋል። ከአገር ቤት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ቀኑ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መቀየሩን ያረጋግጥ፤ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ማርች 4 ቀን 2025 ነው፣ እንዳለ ከተጻፈ ግን ተቀባዩ የስምንት ዓመት ደብዳቤ የደረሰው ይመስለዋል።

ሰላምታው ላይ ሐበሻን ሁሉ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። እኛ አቶና ወይዘሮን ከሰውየው ከራሱ ስም ጋር እናያይዛለን፤ እንግሊዝኛ ግን ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። ስለዚህ ጆን ስሚዝ ለተባለ ሰው “ዲር ሚስተር ስሚዝ” ይባላል እንጂ “ዲር ሚስተር ጆን” አይባልም። ሴት ከሆነችና ያገባች መሆኗ ካልታወቀ “ሚዝ” የሚለው ማዕረግ ከሁሉም ይሻላል። ስሙ የማይታወቅ ከሆነ “ዲር ሰር ኦር ማዳም” ይጻፋል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር

ለጤና መጠየቅ፣ ስለ ቤተሰብ ደኅንነት ማንሳት በወዳጅ ደብዳቤ ያምራል፤ በመደበኛው ግን አንባቢው የመጀመሪያውን መስመር ሲጨርስ ለምን እንደተጻፈለት ማወቅ አለበት። “አይ አም ራይቲንግ ቱ አስክ ዌዘር አይ ኩድ ሙቭ ቱ ዚ ኢቭኒንግ ክላስ” ብሎ መጀመር በቂ ነው። “አይ አም” የሚለው አጥሮ “አይም” አይሁን፤ በመደበኛ ደብዳቤ ቃላት ሳይጎርዱ ሙሉ በሙሉ ይጻፋሉ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ምንም አያያዥ አያስፈልግም። “ፈርስት ኦፍ ኦል” ብለው የሚጀምሩ ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ግን አይከተላቸውም።

ምክንያትና ውጤት

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል የደብዳቤው ልብ ነውና ረጋ ብለን እንየው። አማርኛ “ስለ” የምትለውን አንዲት ክፍል ከስምም ከግስም ጋር ያጣብቃል፤ “ስለ ዝናቡ ቀረሁ” እንላለን፣ “ስለዘነበ ቀረሁ”ም እንላለን። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አሉት። ግስ ያለው ሙሉ ሐሳብ ሲከተል “ቢኮዝ” ይገባል፤ ስም ብቻ ሲከተል “ቢኮዝ ኦፍ” ወይም “ዱ ቱ” ይሆናል። ስለዚህ “ቢኮዝ ማይ ሺፍት ሃዝ ቼንጅድ” ትክክል ነው፣ “ቢኮዝ ኦፍ ኤ ቼንጅ ኢን ማይ ሺፍት”ም ትክክል ነው፤ “ቢኮዝ ኦፍ ማይ ሺፍት ሃዝ ቼንጅድ” ግን ስሕተት ነው። ከአያያዡ በኋላ ግስ አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ መልሱን ይሰጣል።

ሌላው ወጥመድ ከ“ምክንያቱም” ይመጣል። በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ዘግተን አዲሱን “ምክንያቱም” ብለን መጀመር እንችላለን፣ ነውርም የለበትም። ያንኑ ልማድ ይዘን “አይ ካኖት አተንድ ዘ ሞርኒንግ ክላስ” ብለን ነጥብ ካስቀመጥን በኋላ “ቢኮዝ ማይ ሺፍት ሃዝ ቼንጅድ” ብለን ብቻውን ብናቆመው እንግሊዝኛው ጎዶሎ ይሆናል። በ“ቢኮዝ” የሚጀምር ሐረግ ዋናውን ሐሳብ ከፊቱ ወይም ከኋላው በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይፈልጋል። የ“ቢኮዝ” ሐረግ ከዋናው ሐሳብ ፊት ከመጣ በመካከሉ ኮማ ይግባ፤ ከኋላው ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ኮማ አያሻውም።

ውጤትን ለመግለጽ “ሶ” እና “ዜርፎር” አሉ። “ሶ” ቀለል ያለ ስለሆነ ለወዳጅ ደብዳቤ ይስማማል፤ “ዜርፎር” ከመሥሪያ ቤቱ “ስለሆነም” ጋር በክብር ይመጣጠናል። ነገር ግን “ቢኮዝ” ባለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ “ሶ”ን መድገም አይቻልም። በእኛ አነጋገር “ፈረቃዬ ስለተቀየረ፣ ስለዚህ መምጣት አልችልም” ቢባል ጆሮ ይታገሠዋል፤ እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይቀበላል።

ተቃርኖ

እዚህም ያው ነገር ይደገማል። “ምንም እንኳ የተርሙን ክፍያ ብከፍልም፣ ግን ጠዋት መምጣት አልቻልኩም” የሚለውን አማርኛ እንዳለ የገለበጠ ተማሪ “ኦልዞው አይ ሃቭ ፔይድ ፎር ዘ ተርም፣ በት አይ ካኖት ካም” ይላል። “ኦልዞው” ካለ “በት” መውጣት አለበት፣ “በት” ከተፈለገ ደግሞ “ኦልዞው” ይውጣ። “ዲስፓይት” የሚለውም ተቃርኖን ያሳያል፤ ከኋላው ስም ወይም በ“ኢንግ” የሚያልቅ የግስ ቅርጽ ይከተላል፣ “ኦፍ” ግን በፍጹም አይከተለውም። “ኢን ስፓይት ኦፍ” የሚባል ዘመድ ስላለው ነው ሰው የሚደናገረው።

“ሃውኤቨር” ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በትርጉም ያቀራርባል እንጂ በሰዋስው አይሰፋቸውም። ስለዚህ ከፊቱ ያለው ሐሳብ በነጥብ ወይም በሰሚኮለን ይዘጋል፣ ከእርሱ በኋላ ደግሞ ኮማ ይገባል። ሁለት ሙሉ ሐሳቦችን በኮማ ብቻ ለይቶ በመካከል “ሃውኤቨር”ን መሰንቀር መምህራን በቀይ ብዕር ደጋግመው የሚያከብቡት ጉድለት ነው። “ዜርፎር” እና “ሞርኦቨር”ም የሚመሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ጥያቄውና ቅድመ ሁኔታው

“እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ” የሚለውን ቃና በእንግሊዝኛ የሚሸከመው “አይ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ” የሚለው አገላለጽ ነው። ትእዛዝ መስሎ እንዳይሰማ “ፕሊዝ” ላይ ብቻ አይተማመኑ፤ በ“ፕሊዝ ጊቭ ሚ” የተጀመረ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጆሮ ገና ትእዛዝ ነው። ዓላማን ለመጨመር “ሶ ዛት” ይገባል፤ ጸሐፊያችን ትምህርቱን ሳያቋርጥ እንዲቀጥል ሲል መዛወር እንደሚፈልግ በዚህ አያያዥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

ቅድመ ሁኔታው በ“ኢፍ” ይመጣል፦ “ኢፍ ዚ ኢቭኒንግ ክላስ ኢዝ ፉል” ብሎ ክፍያው ለሚቀጥለው ተርም እንዲተላለፍ ይጠይቃል። ነገሩ ስለ ወደፊቱ ቢሆንም ከ“ኢፍ” ቀጥሎ “ዊል” አይገባም። “አንለስ” የሚለውን ለመጠቀም የሚፈልግ ደግሞ ይጠንቀቅ። በአማርኛ “ካልሞላ በስተቀር” ስንል አሉታው “ካል” ውስጥ በግልጽ ይሰማል፤ በ“አንለስ” ውስጥ ግን አሉታው ተደብቆ ስላለ “ኖት” ቢጨመርበት ትርጉሙ ይገለበጣል።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ ካለ፣ ለምሳሌ ከአሠሪው የተሰጠው የፈረቃ ማስረጃ ተያይዞ ከሆነ፣ “ኢን አዲሽን” ይበቃል። “ኦን ዚ አዘር ሃንድ” ለጭማሪ አያገለግልም፤ ተቃራኒ ጎን ሲኖር ብቻ ነው የሚገባው። የመጨረሻውን ነጥብ ለማስገባት “ፋይናሊ” ይበሉ። ብዙዎቻችን “በመጨረሻም” ለማለት “አት ላስት” እንጽፋለን፤ ይህ ግን ሰው ለረጅም ጊዜ የጠበቀው ነገር ሲሳካለት የሚለው ነው፣ ስለዚህ አንባቢው ጸሐፊው ደብዳቤውን በመጨረሱ እፎይ ያለ ይመስለዋል።

መዝጊያው

“አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ” የተለመደ መዝጊያ ነው፤ ከ“ቱ” በኋላ “ሂር” ሳይሆን “ሂሪንግ” እንደሚመጣ ልብ ይበሉ። ስንብቱ ሰላምታውን ይከተላል። በብሪታኒያ ልማድ በስም ለተጠራ ሰው “ዩርስ ሲንሲርሊ”፣ በ“ዲር ሰር ኦር ማዳም” ለተጀመረ ደግሞ “ዩርስ ፌይዝፉሊ” ይባላል። አሜሪካ ውስጥ “ሲንሲርሊ” ለሁለቱም ይሠራል። ከእርሱ በታች ፊርማና ሙሉ ስም ይቀመጣል።

ለፈተና የሚዘጋጁ

ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የሠለጠኑ ሠራተኞች የስደት ማመልከቻ ሥርዓት ወደ ካናዳ ለማመልከት ብለው አይልትስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና በጄኔራል ትሬኒንግ ዓይነቱ የሚወስዱ ሰዎች የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄያቸው ደብዳቤ ነው። ቢያንስ 150 ቃላት ይጠበቃሉ፣ ከ60ው ደቂቃ 20ውን ለእርሱ መስጠት ይመከራል፣ የላኪና የተቀባይ አድራሻም መጻፍ አያስፈልግም። ጥያቄው ሦስት ነጥቦችን ይዘረዝራል፤ አንዱ እንኳ ሳይነካ ከቀረ ነጥብ ያስቀንሳል። ከአራቱ የምዘና መስፈርቶች አንዱ የሐሳብ ፍሰትና መያያዝ ነው፣ በዚህም መስፈርት አያያዥን አለመጠቀም ብቻ ሳይሆን ማብዛትም እንደ ድክመት ይቆጠራል። ከፍተኛውን ውጤት የሚያገኘው ማያያዣው የፈታኙን ዓይን እምብዛም የማይስብ ጽሑፍ ነው። “ዝርዝሩን ሸምድዱ” የሚለው የአሰልጣኞች ምክር ተማሪን የሚጎዳው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስምንት ዓረፍተ ነገር ባለው ደብዳቤ ውስጥ አራት ወይም አምስት አያያዥ ከበቂ በላይ ነው። “ዚስ ቼንጅ” ብሎ ቀድሞ የተነገረውን በአመልካች ቃል ማንሳት ብዙ ጊዜ ከ“ሞርኦቨር” የተሻለ ያያይዛል።

ከመላኩ በፊት

ደብዳቤውን ለጥቂት ጊዜ ትተውት ይመለሱና ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። አያያዦቹን ሁሉ በእርሳስ ያክብቡ፣ ከዚያም እያንዳንዱን በጣት ሸፍነው ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ያለ እርሱ ያንብቡ። ትርጉሙ ምንም ካልጎደለበት አያያዡ ይውጣ፤ ከጎደለበት ይቆይና መጀመሪያ በአማርኛ ከጎን ከጻፉት ዝምድና ጋር ይመሳከር። ምክንያት ብለው የመዘገቡት ቦታ ላይ “ኢን አዲሽን” ተቀምጦ ከተገኘ ቃሉ ይቀየር። በመጨረሻ የተቀባዩን ስም ፊደል በፊደል ከምንጩ ጋር ያስተያዩ፣ አባሪ ካለም በእርግጥ መያያዙን አይተው ይላኩት።