ለወፍ የሚሆን ጓሮ፦ ከችግኝ ሻጩ ምን ትገዛላችሁ?

ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ ጓሮ ካላችሁ፣ ወፎችን የሚጠራው መጀመሪያ ተክሉ ነው። ሰፈራችሁ ያለው ችግኝ ሻጭ ጋ ሂዱና እሬትና ራስ ክምር አለ ወይ በሉ፤ ቱቦ መሳይ አበባቸው ጣፋጭ ወለላ ስላለው፣ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለው የአበባ ወፍ ግንዱን ቆንጥጣ ይዛ ስትመጥ ከመስኮት ሆናችሁ ታዩአታላችሁ። በጣም ነው የምታምረው! ቦታ ካለ ወይራም ጨምሩ፣ ፍሬውን ይወዱታል። ተከላው ሐምሌ ላይ ይሁን።

በጋ ላይ ግን ዋናው ውሃ ነው። ዝርግ የሸክላ ሳህን፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ መሃሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ፤ በየቀኑ ቀይሩት። እህል ካማራችሁ ኑግ በትኑ፤ ፈረንጆቹም ለጓሯቸው ወፎች ከእኛ ይገዙታል። ፀረ ተባይ መርጨቱን ግን በእናታችሁ ተዉት፣ ብዙዎቹ ጫጩቶች የሚያድጉት በትል ነው።